የኮከቡ ብረት ከኮከቡ አይወጣም

የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ከብረት የሚከብዱ ንጥረ ነገሮች በሙሉ በሱፐርኖቫ ፍንዳታ ይሠራሉ ተብለን ተምረናል። ብረት ግን ሲዋሃድ ኃይል አይሰጥም ይባላል። ታዲያ ወርቅ እንዴት ተሠራ? የኮከቡ ብረታማ እምብርት ተጨምቆ ኒውትሮን ኮከብ ከሆነስ ደማችን ውስጥ ያለው ብረት ከየት መጣ? አንዱ ኮከብ ኒውትሮን ኮከብ፣ ሌላው ብላክ ሆል የሚሆነውስ ለምንድን ነው?»

ሦስቱም የሚፈቱት ከፍንዳታው የሚወጣውንና እዚያው የሚቀረውን ለይቶ በማስላት ነው። መልሱን ላስቀድም። በእምብርቱ የተከማቸው ብረት ከኮከቡ አይወጣም። ወደ ጠፈር የሚረጨው ብረት በፍንዳታው ቅጽበት እንደ አዲስ የተሠራ ነው፤ ሲወጣም ገና ኒኬል ነው። ወርቁ ደግሞ በአብዛኛው የዚህ ፍንዳታ ልጅ አይደለም። የተማራችሁት ዓረፍተ ነገር በመጻሕፍት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለኖረ ብዙ ሰው ይደግመዋል፤ መታረም አለበት።

ለማስረጃ ሱፐርኖቫ 1987ኤ የተባለውን እወስዳለሁ፤ እንደ እሱ በቅርበት የተጠና የግዙፍ ኮከብ ፍንዳታ የለም። የፍንዳታው ዜና መሬት የደረሰው በእኛ አቆጣጠር የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1987 ነው። ቦታው ትልቁ የማጌላን ደመና የተባለው ጎረቤት ጋላክሲ፣ ርቀቱም ወደ 168 ሺህ የብርሃን ዓመት ነው። ሳንዱሊክ −69 202 የተባለው ኮከብ ከመፈንዳቱ በፊት በሰማይ ካታሎግ ተመዝግቦ ስለነበር ማን እንደፈነዳ ይታወቃል፦ ሲወለድ ከፀሐይ 18 እስከ 20 እጥፍ ገደማ ይከብድ የነበረ ሰማያዊ ልዕለ ግዙፍ ኮከብ።

እንዲህ ያለ ኮከብ ማገዶውን በየተራ ነው የሚያነደው። ከፀሐይ 25 እጥፍ ለሚከብድ ኮከብ የተሰላውን ብንወስድ፣ ሃይድሮጂኑ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይቆያል፣ ሂሊየሙ ግማሽ ሚሊዮን ዓመት፣ ካርቦኑ 600 ዓመት፣ ኒዮኑ አንድ ዓመት፣ ኦክስጅኑ ስድስት ወር፣ ሲሊኮኑ አንድ ቀን። እንዲህ የሚያጣድፈው ምንድን ነው? እያንዳንዱ ማገዶ ከቀደመው ያነሰ ኃይል መስጠቱ አንዱ ምክንያት ነው። ዋናው ግን ኒውትሪኖ የተባለው፣ ከቁስ ጋር እምብዛም የማይጋጭ ኢምንት ቅንጣት ነው። የእምብርቱ ሙቀት ወደ 800 ሚሊዮን ኬልቪን ሲደርስ ኒውትሪኖዎች በብዛት ይፈጠራሉ። ብርሃን ከእምብርቱ ለመውጣት ሺህ ጊዜ እየተጋጨ ሲንገላታ ኒውትሪኖ ግን ማንም ሳይዘው ኃይሉን ይዞ ይሄዳል። ኮከቡ የሚያፈስ ጋን እንደሚሞላ ሰው ይሆናል፤ የሚፈሰውን ለመተካት በጥድፊያ ያነዳል።

ስለ ሲሊኮን አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ሁለት የሲሊኮን ኒውክለሶች ተጣብቀው ብረት አይሆኑም፤ የኤሌክትሪክ መገፋፋታቸው እጅግ ብርቱ ነው። ከ3 ቢሊዮን ኬልቪን በላይ ባለው ሙቀት ብርሃኑ ራሱ ከፊሉን ሲሊኮን ይሰባብረዋል። ከስብርባሪው የሚወጡት የሂሊየም ኒውክለሶች በቀሪዎቹ ላይ እየተለጠፉ ሰልፈርን፣ አርጎንን፣ ካልሲየምን፣ በመጨረሻም የብረት ቤተሰብን ይሠራሉ። እዚህ ላይ መሰላሉ ያበቃል። በብረት አካባቢ እያንዳንዱ ፕሮቶንና ኒውትሮን የታሰረበት ኃይል 8.8 ሜጋኤሌክትሮን ቮልት (የኒውክለስ ኃይል የሚለካበት አሃድ) ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ አጥብቆ የሚያስር ኒውክለስ የለም። ስለዚህ ብረትን ከብረት ማዋሃድም ሆነ መሰባበር ኃይል ይበላል እንጂ አይሰጥም።

የብረቱ እምብርት ስፋቱ ከመሬት ጋር የሚቀራረብ፣ ክብደቱ ግን ከፀሐይ 1.4 እጥፍ ገደማ ሲሆን ኤሌክትሮኖቹ ከዚያ በላይ ሊሸከሙት አይችሉም። ያን ጊዜ ሁለት ዘረፋ በአንድ ላይ ይጀምራል። ጋማ ጨረሩ ብረቱን መልሶ ይሰባብራል፤ አንድ ብረት 56 (ቁጥሩ የፕሮቶኖቹና የኒውትሮኖቹ ድምር ነው) ወደ 13 ሂሊየምና 4 ኒውትሮን ሲበተን 124 ሜጋኤሌክትሮን ቮልት ይበላል። ግፊቱን የያዙት ኤሌክትሮኖች ደግሞ በፕሮቶኖች ተውጠው ኒውትሮን ይሆናሉ። መሠረቱ እንደተናደ ቤት እምብርቱ ባንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ከብርሃን ፍጥነት ሩብ ገደማ ይደርሳል፣ ሁሉም ነገር የሚያልቀው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ሚሊዮን ዓመታት የፈጀው ግንባታ በዚያች ቅጽበት ይፈርሳል። የእምብርቱ ብረት ብረት መሆኑ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው፤ ሊወጣ የሚችል ብረት የለም።

እፍጋቱ ከአቶም ኒውክለስ እፍጋት ሲያልፍ ቁሱ ባንዴ ይደድርና ይነጥራል፤ የፍንዳታ ሞገድም ይነሳል። ብዙ ማብራሪያ እዚህ ላይ «ነጥሮ ኮከቡን በተነው» ብሎ ይዘጋል። ሞገዱ ግን አይበትንም፤ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይቆማል። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ገና እየወረደበት ያለውን ብረት እየሰባበረ መሄድ አለበት፤ ከፀሐይ አንድ አሥረኛ የሚያህል ብረት ለመሰባበር 1.7 × 10⁴⁴ ጁል ይከፍላል። የመላው ፍንዳታ የእንቅስቃሴ ኃይል 10⁴⁴ ጁል አካባቢ ነው። ሞገዱ ዕዳውን መክፈል ሳይጨርስ ይከስራል።

የሚያስነሳው ኒውትሪኖ ነው። አዲሱ ኒውትሮን ኮከብ ሲቀዘቅዝ 3 × 10⁴⁶ ጁል ይለቅቃል፤ ፀሐይ በ10 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜዋ ሁሉ ከምታወጣው ከ200 እጥፍ ይበልጣል። ከዚህ 99 በመቶው በኒውትሪኖ ይሄዳል፣ አንድ በመቶው ቁሱን ይገፋል፣ በዓይን የሚታየው ብርሃን የዚያ አንድ በመቶ መቶኛ ብቻ ነው። ከሞገዱ ሥር ያለው ቁስ ከኒውትሪኖው ጥቂቱን ይይዝና እንደ ሽሮ ይንተከተካል፤ የጋለው ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል። ኮከቡን ፍጹም ክብ አድርጎ የሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል ይህን መንተክተክ ማሳየት ስለማይችል አብዛኛውን ጊዜ ኮከቡ አይፈነዳለትም። በሦስት አቅጣጫ ሲሰላ ግን በጥቂት መቶ ሚሊሰከንዶች ውስጥ ሞገዱ እንደገና ይነሳል። ፍንዳታው ክብ እንዳልሆነ ካሲዮፒያ ኤ በተባለው የሌላ ሱፐርኖቫ ቅሪት ላይ በግልጽ ይታያል፤ ኑስታር የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ቲታኒየም 44 የተበተነበትን ካርታ ሲሠራ ቁሱ በአንድ ወገን የተቋጠረ፣ በሌላው የሳሳ ሆኖ ተገኝቷል።

የኒውትሪኖው ነገር በወረቀት ላይ የቀረ ግምት አይደለም። በዚያ የካቲት 16፣ በእኛ ሰዓት ረፋድ 4፡35 ላይ ሦስት የኒውትሪኖ መመልከቻዎች፣ ጃፓን ያለው ካሚዮካንዴ 11፣ አሜሪካ ያለው አይኤምቢ 8፣ ካውካሰስ ያለው ባክሳን 5 ኒውትሪኖ ያዙ። ሃያ አራት ብቻ፣ በ13 ሰከንድ ገደማ ውስጥ። ብርሃኑ ከዚያ ወደ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ታየ፤ ሞገዱ የኮከቡን ገጽ እስኪሰብር የፈጀበት ጊዜ ነው። በዚያች ሰዓት በአዲስ አበባም ሆነ በቶኪዮ በነበረ ሰው አካል በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ የዚያ ኮከብ ኒውትሪኖዎች አልፈዋል።

አሁን ወደ ብረቱ እንመለስ። የተነሳው ሞገድ በኦክስጅንና በሲሊኮን ንብርብሮች ውስጥ ሲያልፍ ያግላቸዋል። የሞገዱ ኃይል በአብዛኛው በጨረር መልክ ስለሆነ ሙቀቱ በቀላል ቀመር ይገኛል፦ ኃይሉ ከሉሉ ይዘት፣ ከጨረር ቋሚ ቁጥርና ከሙቀቱ አራተኛ ርቢ ብዜት ጋር እኩል ነው። 10⁴⁴ ጁልን ብናስገባ ሙቀቱ ከ5 ቢሊዮን ኬልቪን በላይ የሚሆነው እስከ 3,700 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው። በዚያ ክልል ያለው ሁሉ እስከ ኒኬል 56 ይበስላል። እስከ 5,000 ኪሎ ሜትር ሲሊኮኑ በከፊል ይነድና ከኒኬል ጋር ሰልፈር፣ አርጎን፣ ካልሲየም ይቀላቀላሉ። እስከ 6,400 ኦክስጅን ይነድዳል፤ እስከ 12,000 ገደማ ኒዮንና ካርቦን። ከዚያ ውጭ ያለው ኮከብ የሚገፋ እንጂ የሚበስል አይደለም። ስለዚህ የምንተነፍሰው ኦክስጅን በአብዛኛው ከፍንዳታው በፊት ተዘጋጅቶ የቆየ ነው፤ ፍንዳታው በተነው እንጂ አልሠራውም።

ብረት ሳይሆን ኒኬል የሚሆነው ለምንድን ነው? ኦክስጅንና ሲሊኮን እኩል ፕሮቶንና ኒውትሮን አላቸው፤ ማብሰያው አንድ ሰከንድ ስለማይሞላ አንዱ ወደ ሌላው ለመቀየር ጊዜ የለውም። እኩል ለእኩል ከሆኑት መካከል አጥብቆ የታሰረው ኒኬል 56 ነው፣ 28 ለ28። እሱም በ6 ቀን ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ ተለውጦ የሚያልቅበት ጊዜ) ወደ ኮባልት 56፣ ኮባልቱ በ77 ቀን ግማሽ ዕድሜ ወደ ብረት 56 ይለወጣል።

የእምብርቱ ብረት እንዳልወጣ የሚመሰክር ሌላ ነገርም አለ። የእምብርቱ አካባቢ ኒውትሮን የበዛበት ስለሆነ ከዚያ ቢወጣ ኖሮ እንደ ኒኬል 58 እና ብረት 54 ያሉ አይሶቶፖች (በኒውትሮን ቁጥር ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶች) በጠፈር ተትረፍርፈው ይገኙ ነበር። በፀሐይ ሥርዓታችን ያለው ምጣኔ ያን ያህል አያሳይም። ስለዚህ የሚወጣውንና የሚቀረውን የሚለየው ወሰን ከብረቱ እምብርት ውጭ መሆን አለበት።

በ1987ኤ የተሠራው ኒኬል ስንት እንደሆነ የሚሰላበትን መንገድ ላሳይ፤ በእጅ የሚሠራ ሒሳብ ነው። አንድ ፀሐይ የሚያህል ኒኬል 56 ወደ ኮባልት ከተለወጠ ኃይሉ መጀመሪያ 1.45 × 10³⁶ ዋት ይሆናል፤ በየ111.3 ቀኑ በ2.718 እየተካፈለ ይወርዳል። በ200ኛው ቀን ወደ 2.4 × 10³⁵ ዋት ይደርሳል። የ1987ኤ አጠቃላይ ብርሃን በዚያ ቀን ወደ 1.7 × 10³⁴ ዋት ነበር። ያካፍሉት፤ 0.07 ፀሐይ ይሆናል። ብርሃኑ በእርግጥ ከኮባልት መሆኑን የሚያረጋግጡት ደግሞ ሁለት ናቸው፦ በየ100 ቀኑ 0.98 ማግኒቲዩድ (የከዋክብት ድምቀት መለኪያ) መውረዱና በ847 እና 1,238 ኪሎኤሌክትሮን ቮልት ላይ የታዩት የኮባልት ጋማ መስመሮች። ጋማው ከተጠበቀው ወራት ቀድሞ ታየ፤ ኒኬሉ ከሥር ተቀብሮ አልቀረም፣ በጉብታ በጉብታ ወደ ውጭ ተቀላቅሎ ነበር።

ይህን ሒሳብ በሌላ ሱፐርኖቫ ላይ ለሚሞክር ሰው ሦስት ጥንቃቄ አለ። ርቀቱ በ10 በመቶ ከተሳሳተ ኒኬሉ በ20 በመቶ ይሳሳታል፤ ብርሃን ከርቀት ካሬ ጋር ነውና። ከ500 ቀን ገደማ በኋላ አቧራ ስለሚፈጠር በዓይን የሚታየውን ብርሃን ብቻ የለካ ሰው ኒኬሉን ያሳንሳል፤ የጎደለው ኢንፍራሬድ ውስጥ ነው። የወጣው ቁስ ሲሳሳ ደግሞ ጋማው ሳይያዝ ያመልጣል፤ ኋላ ላይ ኮባልት 57 እና ቲታኒየም 44 ብርሃኑን ይረከባሉ።

0.07 ፀሐይ ትንሽ ይመስላል፤ በመሬት ሲመነዘር ግን ከ23 ሺህ መሬቶች ጋር የሚመዛዘን ብረት ነው። እዚያው የቀረው የብረት እምብርት ደግሞ ከ460 ሺህ መሬቶች በላይ ይመዝን ነበር። በደምዎ ውስጥ ያለው ብረት የመጣው እንዲህ ካለው 0.07 ነው። ሰፊ ድርሻ የያዘ ሌላ ምንጭም አለ፦ ተጣማሪ ያለው ነጭ ድንክ ኮከብ (ማገዶውን የጨረሰ ቀለል ያለ ኮከብ እምብርት) ሙሉ በሙሉ ሲፈነዳ የሚሠራው፤ አንዱ ፍንዳታ 0.6 ፀሐይ ገደማ ኒኬል ይሰጣል፣ ቅሪትም አይተውም።

ከብረት በላይ ያለውስ? መዋሃድ አይሠራም፤ ኒውትሮን ግን ቻርጅ ስለሌለው የሚገፋው የለም፣ ኒውክለሱ ዝም ብሎ ይውጠዋል። ከበዛበት ከኒውትሮኖቹ አንዱ ወደ ፕሮቶን ይለወጥና ንጥረ ነገሩ በሠንጠረዡ አንድ ደረጃ ይወጣል። ከብረት 56 ተነስቶ ወርቅ 197 ለመድረስ 141 ኒውትሮን መዋጥ ያስፈልጋል፤ ከእነሱም 53ቱ ፕሮቶን መሆን አለባቸው። ጥያቄው ኒውትሮኑ የሚመጣው በካፊያ ነው ወይስ በዶፍ የሚል ነው።

በካፊያው ከአንዱ ኒውትሮን እስከ ቀጣዩ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ይህ በግዙፍ ኮከቦች ውስጥ ገና ከመፈንዳታቸው በፊት ይካሄዳል፤ ኒዮን 22 ሂሊየም ሲውጥ ማግኒዚየም 25 ይሆንና አንድ ኒውትሮን ይለቅቃል። በዚህ መንገድ ከብረት እስከ ስትሮንቲየም አካባቢ ይደረሳል። በቤትዎ የመብራት ሽቦ ውስጥ ያለው መዳብ አብዛኛው የዚህ ሥራ ውጤት ነው፤ ሱፐርኖቫው አወጣው። ባሪየምና አብዛኛው እርሳስ ግን በፀጥታ ከሚሞቱ ከፀሐይ ጥቂት እጥፍ ብቻ ከሚከብዱ ኮከቦች ነው። ፖል ሜሪል በፈረንጆቹ 1952 በእንዲህ ያሉ ኮከቦች ብርሃን ውስጥ ቴክኒሺየምን አገኘ። ቴክኒሺየም የሚጸና አይሶቶፕ የለውም፤ እዚያ ከተገኘ እዚያው ተሠርቷል ማለት ነው።

ወርቅ፣ ፕላቲኒየምና ዩራኒየም ዶፍ ይፈልጋሉ። በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ ከ10²⁴ የማያንስ ኒውትሮን ሲኖር ኒውክለሱ ለመለወጥ ጊዜ ሳያገኝ በሰከንድ ገደማ ውስጥ ደርዘን ደርዘኑን ይውጣል። የኒውትሮኑ ቁጥር 50፣ 82 እና 126 ሲደርስ መንገዱ ይጠብባል፤ ቁሱም እዚያ ይከማቻል። ዶፉ ሲያባራ በ126 ላይ የተከማቹት ወደ ጽኑ ኒውክለስ ሲወርዱ መጠነ ቁጥራቸው 195 አካባቢ ይሆናል፤ ፕላቲኒየምና ወርቅ ማለት ነው። ሁለቱ አብረው የሚገኙት በአጋጣሚ አይደለም።

ይህ ዶፍ ከአዲስ ኒውትሮን ኮከብ ገጽ ላይ በሚነፍሰው ነፋስ ውስጥ ይገኛል ተብሎ ለዓመታት ተጠብቆ ነበር። የኒውትሪኖው ስሌት ሲጠራ ግን ያው ኒውትሪኖ ኒውትሮኖቹን ወደ ፕሮቶን እየለወጠ ዝናቡን እንደሚያሳሳው ታየ። ተራ ሱፐርኖቫ ከዚርኮኒየም አካባቢ እምብዛም አያልፍም። ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 17 ቀን 2017፣ ላይጎና ቪርጎ የተባሉት የስበት ሞገድ መመልከቻዎች ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ የስበት ሞገዳቸውን ያዙ፤ ቦታው ኤንጂሲ 4993 የተባለው ጋላክሲ፣ ርቀቱ ወደ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነበር። ብርሃኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ዞረ፤ ሰማያዊውን የሚውጡ ከባድ ንጥረ ነገሮች እንደተፈጠሩ ምልክት ነው። በፈረንጆቹ 2019 የስትሮንቲየም አሻራ በዚያው ብርሃን ውስጥ ተለየ። የወጣው ቁስ 0.05 ፀሐይ ገደማ ተገምቷል።

ክስተቱ ብርቅ መሆኑን ሬቲኩለም ሁለት የተባለች ድንክ ጋላክሲ ታሳያለች። በፈረንጆቹ 2016 ከተመረመሩት ዘጠኝ ኮከቦቿ ሰባቱ በዶፍ ንጥረ ነገሮች እጅግ የበለጸጉ ሆነው ሲገኙ መሰሎቿ ጋላክሲዎች ባዶ ናቸው ለማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ሱፐርኖቫ ወርቅ ቢሠራ ሁሉም ጋላክሲ ትንሽ ትንሽ ይደርሰው ነበር። በፍጥነት የሚሽከረከሩና ብርቱ መግነጢስ ያላቸው ጥቂት ኮከቦች ሲፈነዱ የራሳቸውን ድርሻ ሊያዋጡ ይችላሉ። ያም ሆኖ የሚጋጩት ኒውትሮን ኮከቦች ራሳቸው የሱፐርኖቫ ቅሪት ስለሆኑ፣ ሱፐርኖቫ ለወርቅ እናቱ ሳይሆን አያቱ ነው ማለት ይቻላል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ስለ ቅሪቱ ነው። «ከዚህ ክብደት በታች ኒውትሮን ኮከብ፣ በላይ ብላክ ሆል» የሚል ቀጥታ መስመር ይሰጣል፤ እኔ አልጠቀምበትም። ወሳኙ የኮከቡ ጠቅላላ ክብደት ሳይሆን በእምብርቱ ዙሪያ ያለው ቁስ ምን ያህል እንደታጨቀ ነው። አንዱ መለኪያ እንዲህ ነው፦ 2.5 ፀሐይ የሚያህለው የውስጥ ክፍል በስንት ኪሎ ሜትር ራዲየስ ውስጥ እንዳለ ይታይና 2.5ን በዚያ ራዲየስ በሺህ ኪሎ ሜትር ይካፈላል። ራዲየሱ 10,000 ከሆነ 0.25 ይወጣል፤ ኮከቡ ለመፈንዳት ይቀለዋል። 5,000 ከሆነ 0.5 ነው፤ የሚወርደው ቁስ ስለሚበዛ ሞገዱ ሳይነሳ ይቀራል፣ ኒውትሮን ኮከቡም ከ2.2 ፀሐይ አካባቢ ሲያልፍ ወደ ብላክ ሆል ይወድቃል። ይህ ቁጥር ከክብደት ጋር ቀጥ ብሎ አይጨምርም፤ ካርቦኑና ኦክስጅኑ በየት በየት ንብርብር እንደነደዱ እየተከተለ ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ የ22 ፀሐዩ ኮከብ ወድቆ የ26ቱ ሊፈነዳ ይችላል። ፈንድቶም የተወረወረው ቁስ ማምለጥ አቅቶት ተመልሶ ሲወድቅ ኒውትሮን ኮከቡን ዘግይቶ ብላክ ሆል የሚያደርግበት ጊዜ አለ።

ኒውትሮን ኮከብ ሆኖ የቀረው ከ1.2 እስከ 2 ፀሐይ ገደማ በ12 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ውስጥ የታመቀ ነው። ኮከቡ ሲጠብ ሽክርክሪቱ ስለሚፈጥን፣ በፈረንጆቹ 1054 ቻይናውያን የመዘገቡት ፍንዳታ የተወው የክራብ ፑልሳር (እየተሽከረከረ ብልጭ ብልጭ የሚል ኒውትሮን ኮከብ) ዛሬም በሰከንድ 30 ጊዜ ይዞራል። የኒውትሮን ኮከብ ክብደት ከወደቀው እምብርት ማነሱን ያስተውሉ፦ በኒውትሪኖ የወጣው 3 × 10⁴⁶ ጁል ራሱ 0.17 ፀሐይ ገደማ ይመዝናል።

1987ኤ ራሱስ ምን ትቶ አለፈ? ፍንጩ በነዚያ 24 ኒውትሪኖዎች ውስጥ ነበር። እምብርቱ ወዲያው ብላክ ሆል ሆኖ ቢሆን ኒውትሪኖው በድንገት ይቆረጥ ነበር፤ እሱ ግን ከአሥር ሰከንድ በላይ እየሳሳ ቀጠለ። ስለዚህ ቢያንስ በመጀመሪያ ኒውትሮን ኮከብ ተወልዷል። ከዚያ በኋላ ለ37 ዓመታት በአቧራ ተጋርዶ ማንም አላየውም። በፈረንጆቹ 2024 የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በቅሪቱ መሃል ላይ ኤሌክትሮኖቻቸው የተገፈፉ የአርጎንና የሰልፈር መስመሮችን አገኘ፤ ያን ያህል የሚገፍፍ ጨረር ከመሃሉ መምጣት አለበት፣ ለዚያም የሚስማማው ገና የጋለ ኒውትሮን ኮከብ ነው። ያ አርጎንና ሰልፈር ከላይ ያልነው ነው፤ ከ3,700 ኪሎ ሜትር ወሰን አለፍ ብሎ ሲሊኮን በከፊል ነድዶ የሠራው፣ ወደ ውጭ እየሄደ ያለ ቁስ። ብርሃን የሚሰጠው ደግሞ እዚያው የቀረው ነው።